ሳይገባን የሳቅንበት ራዲዮ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር (ሰው ጠይቆ ሌሎች ተራ በተራ የሚመልሱበትን) የከፈቱት ሰው ጥያቄ አጭር ነበር። ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው፣ እንግሊዝ አገር ራዲዮ ከብበው ያደጉ ሰው ናቸው። በቅርቡ ‹ዘ ጉን ሾው› የተባለውን የልጅነታቸውን ፕሮግራም እንደገና ሲያዳምጡ፣ ግማሹ ቀልድ ያኔ ሊገባቸው የማይችል እንደነበር ታያቸው። አባታቸው በሳቅ ሲንከተከቱ እርሳቸውም አብረው ይንከተከቱ ነበር፤ በምን እንደሆነ ግን አያውቁም። እናም ጠየቁ፦ እናንተስ በልጅነታችሁ ሳይገባችሁ የሳቃችሁበት የራዲዮ ቀልድ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ቢያቆሙ ክሩ በሰላም ባለቀ ነበር። እርሳቸው ግን በመጨረሻው መስመር ላይ፣ የዚያ ዘመን ልጆች ጆሮም ምናብም ነበራቸው፣ የዛሬዎቹ ሁለቱንም ለስክሪን አስረክበዋል የሚል ዓረፍተ ነገር ጣል አደረጉ። የዚያ ዓረፍተ ነገር ዕዳ እስከ መልስ 34 ድረስ ሲከፈል ቆይቷል።

ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝ አገር ከአረጋውያን ጋር የሠራ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሽማግሌው በወሬ መሐል ድንገት ድምፃቸውን እንደ ሕፃን አቅጥነው ወይም እንደ ጦር መኮንን አጎርንነው አንድ ነገር ይላሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጡት እኩያቸው በሳቅ ይፈነዳሉ፤ እኛ ፈገግ ብለን ሻዩን እናቀርባለን። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ማወቅ እፈልግ ነበር። ከዚህ ክር የተሻለ አስረጂ አላገኘሁም፤ አስረጂዎቹ እኩሌታውን ጊዜ በመነታረክ ቢያጠፉትም።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ‹ዘ ጉን ሾው› ከ1951 እስከ 1960 በቢቢሲ ይተላለፍ የነበረ የግማሽ ሰዓት ቀልድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዋናው ደራሲ ስፓይክ ሚሊጋን ነው፤ እርሱ፣ ፒተር ሴለርስና ሃሪ ሴኮምብ ተካፍለው መንደር ሙሉ ሰው ይሆናሉ። ታሪኩ መነሻ አለው፣ መድረሻ ግን የለውም። ሰው በፒያኖ ላይ ተሳፍሮ ባሕር ያቋርጣል። ብሉቦትል የተባለ ቀጭን ድምፅ ያለው ልጅ በየታሪኩ ፈንጂ ይፈነዳበትና ይሞታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

መልስ 1 ከሊድስ የተላከ፣ በትሕትና የተሞላ ነው። ጸሐፊዋ ቀልዱ እርሳቸውም እንዳልገባቸው ያምናሉ፤ የገባቸው ድምፁ ነበር። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆቹ ብሉቦትልንና ኤክልስ የተባለውን ጅል ተከፋፍለው ይጫወቷቸዋል። ወንዶቹ ኤክልስን ለሴት ልጅ አንሰጥም ስለሚሉ እርሳቸው ሁልጊዜ የሚፈነዳውን ልጅ ይሆኑ ነበር። ማለታቸው፣ ፕሮግራሙ እንደ ገመድ ዝላይ፣ ወይም እኛ ሰኞ ማክሰኞ እንደምንለው ጨዋታ፣ ከራዲዮ ወጥቶ ግቢ ውስጥ የሚቀጥል ነገር ነበር። ይህን መልስ ልብ ብላችሁ ያዙት፤ መልስ 30 ላይ ከሌላ ወገን ይመጣል።

መልስ 2 ከየክሩ የማይጠፉት አራሚ ናቸው። ፕሮግራሙ በግንቦት 1951 ሲጀመር ስሙ ‹ክሬዚ ፒፕል› እንደነበር፣ ተጫዋቾቹም በመጀመሪያ ሦስት ሳይሆኑ አራት እንደነበሩ፣ አራተኛው ማይክል ቤንቲን በ1952 መውጣቱን ዘረዘሩ። ሁሉም ልክ ነው፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ። መልስ 3 የሚተላለፈው ማክሰኞ ማታ ነበር ይላል። መልስ 4 ደግሞ በዚያ ሰዓት ልጅ ሁሉ ተኝቷል ብሎ ይሞግታል፤ ቤተሰቡ የሚሰማው ላይት ፕሮግራም በተባለው ሌላው የቢቢሲ ጣቢያ ሲደገም ነበር። ሁለቱም የራሳቸውን ሶፋና የራሳቸውን ሰዓት እያስታወሱ ስለሆነ ሊስማሙ አልቻሉም።

መልስ 5 ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ ስለ ቀልድም አንድ ቃል የለበትም። ጸሐፊው የሚያስታውሱት ዕቃውን ነው። ራዲዮኑ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ በውስጡ ያሉት የመስታወት ቫልቮች እስኪሞቁ ድረስ ይጠበቃል። መጀመሪያ የመደወያው መብራት ይበራል፣ ቀጥሎ የሞቀ አቧራ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ከሩቅ እየተራመደ የሚቀርብ ይመስል ድምፁ ቀስ እያለ ያድጋል። መደወያው ላይ ሂልቨርሰም፣ ሉክሰምበርግ፣ አትሎን የሚሉ ስሞች ተጽፈዋል። ሂልቨርሰም የሆላንድ ከተማ መሆኗን ያወቁት አድገው ነው፤ በልጅነታቸው ያለማቋረጥ የምታፏጭ ሴትዮ ትመስላቸው ነበር። ከዚያ በፊት፣ መንደራቸው ኤሌክትሪክ ሳይገባለት፣ የነበራቸው ራዲዮ የሚሠራው አሲድ በተሞላ የመስታወት ባትሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ባትሪ በእጀታው አንጠልጥሎ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ ወስዶ ማስሞላት የእርሳቸው ሥራ ነበር። አሲዱ በጠብታ እየወጣ ካልሲያቸውን ይበሳዋል፤ እናታቸው ደግሞ በየሳምንቱ ይቆጧቸዋል።

ካልሲ በመነሣቱ ይመስለኛል መልስ 6 የሚሊጋንን የካልሲ ታሪክ ያመጡት። ሚሊጋን ለአንድ ክፍል ኩስታርድ (ወፍራም የወተት ጣፋጭ) የተሞላ ካልሲ ግድግዳ ላይ ሲጣል የሚሰጠውን ድምፅ ፈለገ። ወደ ቢቢሲ ሠራተኞች ምግብ ቤት ወርዶ ኩስታርድ እንዲሠራለት ለመነ። ሴትየዋ ሆዱን ያመመው መስሏቸው በፍቅር ሠርተው ሲያመጡለት ካልሲውን አውልቆ እፊታቸው ገለበጠበት ይባላል። ድምፁም የተፈለገው ዓይነት አልሆነም።

መልስ 7 ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ይለዋወጣል፣ አንዴ የእርሱ ካልሲ ነው አንዴ የሌላ ሰው፣ ስለዚህ አልቀበልም አሉ። በሰነድ ያለውን ከፈለጋችሁ፣ ቢቢሲ በ1958 ያቋቋመው የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መሥሪያ ክፍል ለዚሁ ፕሮግራም፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነውን የሻለቃ ብለድኖክን የሆድ ጩኸት ሠርቷል፤ ያውም በዘመኑ ከፍተኛ በተባለ ቴክኖሎጂ። እኔ ሁለቱንም ታሪክ በአንድ ሚዛን እወዳቸዋለሁ። የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበት የሻለቃ ሆድ የሚጮህበት አገር ኩስታርድ ቢቀዳበት ምን ይደንቃል?

መልስ 8 ላይ አንድ ሰው ሁላችሁም የረሳችሁት አለ ብለው ‹ኤጁኬቲንግ አርቺ›ን አነሡ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፒተር ብራፍ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የእንጨት አሻንጉሊት የሚያናግር ባለሙያ ነበር። የዚህ ሙያ ጥበብ ሁሉ ያለው፣ ተመልካቹ የሰውየውን ከንፈር አፍጥጦ እያየ ውልፍት አለማለቱን በመመስከሩ ላይ ነው። ብራፍ ግን ከ1950 ጀምሮ አገር ያወቀው በራዲዮ ነው፤ ማንም በማያይበት። አርቺ አንድሩስ የተባለው አሻንጉሊት እንደ እውነተኛ ልጅ ተቆጠረ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት። ከአስጠኚዎቹ አንዱ ገና ስሙ ያልገነነው ቶኒ ሃንኮክ ነበር፤ ጁሊ አንድሩስም በልጅነቷ ትዘፍንበት ነበር። ብራፍ ስቱዲዮ ሲገባ አሻንጉሊቱን ይዞት ይገባል። ለምን? ድምፁ ያለ እርሱ አይመጣለትም ነበር ይሆናል፣ ወይም አድማጭ ስቱዲዮ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው፤ ክሩ በዚህ ላይ ብዙ ተመራመረ።

መልስ 9 ደግሞ ብራፍን መድረክ ላይ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል! ያውም በግልጽ። ይህንን ለአባታቸው በሹክሹክታ ሲነግሩ፣ አባታቸው አሻንጉሊቱን እንጂ ሰውየውን ለምን ታያለህ ብለው ገሠጿቸው። ለተጠየቀው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ይህ ሁለተኛው ምርጥ ነው እላለሁ። ልጁ ሳይገባው የሳቀበት ነገር በአንድ ምሽት ገባው፣ ሳቁም በዚያው ሄደ።

ሃንኮክ ከተነሣ ዘንድ ክሩ ሊለቀው አልቻለም። ከ1954 እስከ 1959 በራዲዮ የቀረበው ‹ሃንኮክስ ሃፍ አወር› የሚያወራው ራሱን ትልቅ ሰው አድርጎ ስለሚያስብ፣ ኢስት ቺም በሚባል የልብ ወለድ ሰፈር ስለሚኖርና ምንም ስለማይሳካለት አንድ ሰው ነው። መልስ 10 ጸሐፊ ሃንኮክ ደም ሊለግስ ሄዶ የሚጨቃጨቅበትን ክፍል ከእናታቸው ጋር በራዲዮ ሲሰሙ የነበረውን በዝርዝር ጻፉ፤ መልስ 11ም እኔም በራዲዮ ሰምቼዋለሁ ብለው አጸደቁላቸው። አራሚው ይህንን ሲጠብቁ የነበረ ይመስላል። መልስ 12 ላይ፣ ያ ክፍል በሰኔ 1961 በቴሌቪዥን የቀረበ ነው፣ የራዲዮው ተከታታይ አስቀድሞ በ1959 ታኅሣሥ ላይ አብቅቷል፣ ስለዚህ ሁለታችሁም ያልሆነ ነገር እያስታወሳችሁ ነው ብለው ዘጉት። ትሕትናው መሳሳት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ግን መልስ 13 ላይ የመልስ 10 ጸሐፊ ተመልሰው መጡ። ያንኑ ክፍል ሃንኮክ በዚያው ዓመት ለሸክላ በድምፅ ብቻ እንደገና ቀርጾታል፤ ወንድማቸው ሸክላውን ገዝቶ ነበር፤ ቤታቸው ያለው ማጫወቻና ራዲዮ ደግሞ አንድ ሳጥን ነበር። ከአንድ ሳጥን የሚወጣ ድምፅ ሁሉ ለልጅ ራዲዮ ነው። አራሚው ለዚህ መልስ አልሰጡም፤ ይህ በእርሳቸው ዘንድ ይቅርታ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

መልስ 14 የሃንኮክን የእሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ያነሣል፤ 1958 የተላለፈውን። በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም ነገር አይከሰትም። ዝናብ ይዘንባል፣ ሰዎቹ ይሰላቻሉ፣ አንዱ ያዛጋል። ደራሲዎቹ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን በራዲዮ ማንም የማይደፍረውን ዝምታ ጣል እያደረጉ ሰውን አሳቁት። የመልሱ ጸሐፊ እንደሚሉት ይህን በልጅነታቸው እንደ ቀልድ አልሰሙትም፤ እንደ ዜና ነበር የሰሙት። የእንግሊዝ እሑድ እንደዚያው ነበርና። ሱቅ ዝግ፣ ሲኒማ የተከለከለ ያህል፣ በአንዳንድ ከተማ የልጆች መጫወቻው ዥዋዥዌ እንኳ እንዳይነካ በሰንሰለት ይታሰራል። እርሳቸው ዥዋዥዌውን ከአጥር ወዲህ ቆመው ሲያዩ ያድሩ ነበር፤ ማለቴ ይውሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሦስት መልሶች ከተቀሩት ሁሉ ይበልጣሉ። መልስ 15 ከ1965 እስከ 1968 በየእሑዱ ምሳ ላይ የሚተላለፈውን ‹ራውንድ ዘ ሆርን› አነሡ። አቅራቢው ኬነት ሆርን ቁጥብ፣ ድምፁ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚመስል ሰው ነው። በየሳምንቱ ዝግጅት ማብቂያ አካባቢ ጁልያንና ሳንዲ የሚባሉ፣ ሂዩ ፓዲክና ኬነት ዊልያምስ የሚጫወቷቸው ሁለት ወጣቶች ወደ ከፈቱት አዲስ ሱቅ ይገባል። ሁለቱ የሚናገሩት ከተዋንያን፣ ከመርከበኞችና በድብቅ ከሚኖሩ ግብረ ሰዶማውያን መንደር የመጣ ምሥጢራዊ ቋንቋ ነው። ሕጉ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 1967 ድረስ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ወህኒ ያወርድ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ የተጠበሰ ሥጋና ድንች እየበላ፣ ሕጉ የሚያስረውን ሰው ሲሰማና በፍቅር ሲስቅለት ይውላል። የመልስ 15 ጸሐፊ በተለይ አያታቸው ሁለቱን ወጣቶች እንደ ልጆቻቸው ይወዷቸው እንደነበር፣ ትርጉሙ ቢነገራቸው ግን ራዲዮኑን በመስኮት ይወረውሩት እንደነበር ጽፈዋል።

መልስ 16 ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው ገብቷቸዋል። ቃላቱን በሙሉ አይደለም፤ ግን ስለ ማን እንደሚወራ፣ ያ ሰውም እርሳቸው እንደሆኑ ገብቷቸዋል። ማዕዱ ላይ ሌሎቹ ሳይገባቸው የገባቸው መስለው ሲስቁ፣ እርሳቸው ገብቷቸው ያልገባቸው ለመምሰል ይጥሩ ነበር። ሳቃቸውን ሆን ብለው ያዘገዩታል፤ አባታቸው መጀመሪያ ይሳቁ፣ እርሳቸው ተከትለው። በሳምንቱ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ በጣም የሚፈሩትም በጣም የሚናፍቁትም ያንን ግማሽ ሰዓት ነበር። የጻፉት ይህን ብቻ ነው፤ ማብራሪያም ምሬትም አልጨመሩበትም። መልስ 17 አንድ መስመር ምስጋና ነው፤ ከሊድሷ ሴት።

ክሩ ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚለው ጠፋው። መልስ 18 ወሬ መቀየር የፈለጉ ሰው ይመስላሉ፤ ቀልዱን ትተን ጨዋታውን እናውራ አሉና ኮንከር የሚባለውን ነገር መሐል ጣሉ። ወደ መሐል የተጣለው እሳት ሆነ። ኮንከር በመከር ወቅት ከአንድ ትልቅ ዛፍ የሚረግፍ የማይበላ ፍሬ ነው፤ እሾሃማ ልጣጩ ሲሰነጠቅ እንደ ተወለወለ ቡናማ ጫማ የሚያበራ ፍሬ ይወጣል። ልጆች መሐሉን በሽቦ ይበሱትና የጫማ ክር ያስገቡበታል። አንዱ ክሩን ዘርግቶ ፍሬውን አንጠልጥሎ ይቆማል፣ ሌላው በራሱ ፍሬ ይመታዋል፤ የተሰበረበት ተሸናፊ ነው። አሸናፊው ፍሬ የተሸናፊውን የቀድሞ ድል ሁሉ ስለሚወርስ አምስት የሰበረን ፍሬ የሰበረ በአንዴ ባለ ስድስት ይሆናል።

ጭቅጭቁ ታዲያ ፍሬው እንዴት ይጠንክር በሚለው ላይ ነው። መልስ 19 ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ይላሉ። መልስ 20 ኮምጣጤ ልጣጩን ያለሰልሰዋል እንጂ ምንም አይጠቅምም፣ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማድረቅ ነው መፍትሔው ይላሉ። መልስ 21 ሁለታችሁም አጭበርባሪዎች ናችሁ አሉ፤ ክቡር ሰው ፍሬውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየዋል። መልስ 22 ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እርሳቸው ያነሡት ልጆች ኮንከር ሲጫወቱ የዓይን መከላከያ መነጽር እንዲያደርጉ መንግሥት አዝዟል የሚለውን ወሬ ነው። ያዘዘ የለም፤ የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን ራሱ ተረት ነው ብሎ አስተባብሏል። ግን ወሬው ሰውን ደስ ስለሚያሰኝ ማስተባበያው አልተሰማለትም።

መልስ 23 ኖርዝሃምፕተንሸር ውስጥ ከ1965 ጀምሮ የዓለም የኮንከር ሻምፒዮና እንደሚካሄድ፣ ማጭበርበር እንዳይኖር ፍሬውንም ክሩንም አዘጋጆቹ እንደሚያቀርቡ ጻፉ። መልስ 24 ላይ አራሚው ከዝምታቸው ወጡ። ታዲያ በ2024ቱስ? ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የወንዶች አሸናፊ ኪሳቸው ውስጥ ቡናማ ቀለም የተቀባ የብረት ኮንከር ተገኘባቸው። ማጣራት ተደረገ፣ ለቀልድ ያህል የያዙት እንጂ የተጫወቱበት እንዳልሆነ ታምኖ ነጻ ተባሉ። መልስ 25 በዚህ ዕድሜ ኪሱ ውስጥ የብረት ኮንከር ይዞ የሚዞር ሰው ቢያሸንፍ ይገባዋል ይላል። መልስ 26 አሁንም ኮምጣጤ ነው የሚያሸንፈው ባይ ነው።

መልስ 27 ስለ ባቡር ቁጥር መልቀም ነው። ኢያን አለን የተባለ የባቡር ድርጅት ጸሐፊ በ1942 የእንፋሎት ባቡሮችን ቁጥር በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ልጆች ሐዲድ ዳር ተቀምጠው ያለፈውን ባቡር ቁጥር ሥሩን ያሰምሩበታል፤ በዚህ ብቻ ቀኑ ያልቃል። የመልሱ ጸሐፊ በመጨረሻ እንደ ክሩ ከፋች ያለ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ፤ ያ ዘመን ንጹሕና ደስተኛ ነበር፣ አሁን የት ይገኛል የሚል።

መልስ 28 ከግላስጎው ነው፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የተቆጣ። ደስተኛ? ከረሜላ እስከ የካቲት 1953 በራሽን ነበር። ወንድማቸው በፖሊዮ እግሩን በብረት አስሮ ነበር የሚሄደው። መምህራኑ በጠፍር ይገርፋሉ። እናንተ የምታደንቋቸው ጋልተንና ሲምፕሰን የተዋወቁት የት ነው? ሰሪ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ፣ ሚልፎርድ በሚባል የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል፣ ገና ልጅ ሳሉ አልጋ ላይ። ሚሊጋንስ? በ1944 ጣሊያን ግንባር ላይ ቆስሎ አእምሮው ተናውጦ የተመለሰ ሰው ነው፤ በ1952 መጨረሻም እየጻፈ ሳለ ታምሞ ሆስፒታል ገብቷል። ያ ሁሉ ፍንዳታ የመጣው ከዚያ ነው። ቀልዱን እንደ ወርቃማ ዘመን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ቀልዱን አለመስማት ነው አሉ። አነጋገሩ ጎምዛዛ ነው፤ ሐቁ ግን አይነቀነቅም።

መልስ 29 ሰው ትዝታውን እንኳ በፈቃድ የሚያነሣበት ጊዜ መጣ ብለው ተበሳጩና፣ ማልቀስ የፈለገ ሌላ ክር ይክፈት አሉ።

መልስ 30 ወላጆቻቸው ከፑንጃብ የመጡ፣ ምዕራብ ለንደን ያደጉ ሰው ናቸው። ‹ዘ ጉን ሾው› ውስጥ ሚሊጋንና ሴለርስ የሚጫወቷቸው ላልካካና ባነርጂ የሚባሉ ሁለት ሕንዶች ነበሩ። ሬይ ኤሊንግተን የተባለው ሙዚቀኛ ሲመጣም በቆዳው ቀለም ይቀለድበታል። ጸሐፊው ፕሮግራሙን በራዲዮ አልደረሱበትም። የደረሳቸው በትምህርት ቤት ግቢ ነው። ልጆቹ ከአባቶቻቸው የተማሩትን የሴለርስን የሕንድ ድምፅ እያወጡ ይከቧቸዋል፤ እርሳቸው ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ የራሳቸው አባት ድምፅ በሌላ ሰው አፍ ይሳቅበታል። የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ ከራዲዮ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ይቀጥል ነበር ያሉት ጨዋታ ይኸው ነው፤ መሐል ላይ የቆመው ልጅ ተቀየረ እንጂ።

መልስ 31 ሚሊጋን ራሱ ሕንድ አገር፣ አሕመድናጋር ውስጥ የተወለደ፣ አገሩንም የሚወድ ሰው እንደነበር አስታወሱ። የመልስ 30 ጸሐፊ በ32 የሰጡት ምላሽ ረጋ ያለ ነው። ሚሊጋንን አልከሰሱም፤ የከበቧቸው ሚሊጋን አይደለምና። እንዲያውም ፕሮግራሙን ዛሬ ይወዱታል፤ በተለይ ብለድኖክን፤ ሕንድ ውስጥ ሲዘርፍና ሲሸሽ የኖረውን ፈሪውን የእንግሊዝ ሻለቃ። በዚህ ሰው ከቶ ማን ላይ እንደሚሳቅ ያልገባቸው እነዚያ የግቢው ልጆች ናቸው ይላሉ። እኔ እዚህ ላይ የክሩ ጥያቄ ተመልሶ አለቀ ባይ ነኝ፤ ተሳታፊዎቹ ግን አላለቀላቸውም። መልስ 33 በተቆጣጣሪው ተሰርዟል። መልስ 34 የተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰው ላይ ሳይሆን ነገር ላይ ተነጋገሩ የሚል። ክሩን የከፈቱት ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ ስለ ዛሬ ልጆች የጻፉትን አላነሡም፣ አልተከላከሉለትምም።

መልስ 35 ላይ ከዛሬዎቹ ልጆች አንዱ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሃንኮክን በስልኩ እየሰማ ይተኛል። ቢቢሲ በ2002 የከፈተውና ዛሬ ሬዲዮ 4 ኤክስትራ የሚባለው ጣቢያ እነዚህን ፕሮግራሞች ሲደግም ይውላል። ልጁ ቀልዱ ግማሹ እንደማይገባው በግልጽ ጽፏል፤ የሰዎቹ ድምፅ ግን ያረጋጋዋል። ከዚያ በትሕትና አንድ ነገር ጠየቀ፦ በመልስ 5 የተጻፈው ባትሪ ውኃ ነው አሲድ ነው የሚሞላበት? ሽማግሌዎቹ በአንዴ ተረባርበው አስረዱት፤ ያ ሁሉ ጠብ በአንድ የባትሪ ጥያቄ በረደ።

መልስ 36 ብዙዎቹ ክፍሎች ለምን እንደጠፉ ያስረዳል። ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ እየደመሰሰ እንደገና ይቀዳበት ነበር። ከተረፉት ብዙዎቹ የተረፉት ወደ ውጭ አገር ጣቢያዎች ለመላክ በሸክላ ስለተቀረጹ፣ አለዚያም አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ማይክሮፎን ራዲዮ ፊት አስቀምጦ ስለቀዳ ነው። መልስ 37 ጣሪያ ሥር የአባታቸውን የቴፕ ጥቅልና አሮጌውን የቫልቭ ራዲዮ ያገኙ ሴት ናቸው። ቴፑን የሚያጫውት መሣሪያ እስኪያገኙ ራዲዮኑን ሰክተው ሊሞክሩት ነው። መልስ 38 ሦስት ጊዜ በቃለ አጋኖ እንዳይሰኩት ይለምናል። በወረቀትና በሰም የተሠሩት፣ ካፓሲተር የሚባሉት የድሮ የራዲዮ ዕቃዎች በዕድሜ ብዛት ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ በአንዳንዱ ራዲዮ ደግሞ የውስጡ ብረት ራሱ ከግድግዳው መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ ባለሙያ ይክፈተው።

መልስ 39 የተጻፈው ከዚያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሰክተውት ነበር። የተነሣው ጭስ ለድመታቸው ካልሆነ በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም፤ ድመቷም ከሶፋ ሥር አልወጣም አለች እንጂ ደኅና ናት። ለማስረጃ የጠቆረውን የራዲዮኑን ሆድ ፎቶግራፍ አያይዘዋል። ተቆጣጣሪው ቀሪውን ወሬ ወደ ጥገና ክፍል አዛወረው። ከመዛወሩ በፊት ግን መልስ 40 ቀድሞ ደርሷል፤ አራሚው ፎቶግራፉን አጉልተው አይተው፣ የተቃጠለው ካፓሲተር ሳይሆን ሬዚስተር መሆኑን አርመዋል።